ሳይሰማ የሚነሳው ወፍጮ

የአያ ዋሴ ወፍጮ ሲነሳ ወገዳ ሙሉዋ ታውቅ ነበር። ሞተሩ ጓ ብሎ ያጓራል፣ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጊያ ያፏጫል፣ በየቤቱ ያለው አምፖል ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል። ፀጉር ቤት የተቀመጠ ሰው ማሽኑ አናቱ ላይ ቀጥ ይልበታል። ጤና ጣቢያው፣ «የክትባት ማቀዝቀዣችንን ሊያቃጥሉብን ነው» ብሎ ከሰሰ። የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ተደጋግሞ ሲቃጠል ደግሞ የመብራት ሰዎች መጡና፣ ወይ የሞተሩን አነሳስ እንዲያስተካክሉ ወይ መስመሩ እንደሚቆረጥ ለአያ ዋሴ ቁርጡን ነግረዋቸው ሄዱ። ወሩ ኅዳር ነው። ገብስ እየተወቃ ነው፣ የወፍጮ ቤቱ ደጅ ከጠዋት እስከ ማታ በአህያ ይሞላል። እንዲህ ባለ ጊዜ መስመር መቆረጥ ማለት ቤት መዘጋት ማለት ነው።

ደምሌ የተጠራው ለዚህ ነበር። የእስቴ ልጅ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልልበት ትንሽ ሱቅ አለው። እጁ ደህና ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ትንሽ ጉራ አለበት። ጉራ የሌለበት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ እስካሁን አልተወለደም። ወገዳ ሲመጣ አንድ ግራጫ ሳጥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን አቅፎት ነው የመጣው። ሶፍት ስታርተር ይሉታል። ሥራው ሞተሩ መብራቱን ባንዴ እንዳይጎርስ፣ በትንሽ በትንሹ እየወሰደ ቀስ ብሎ እንዲነሳ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ አሮጌውን ማስነሻ ከግድግዳው ነቀለ። ጥቁር የብረት ሳጥን ነው፣ ከጎኑ እጀታ አለው። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀጭ ብሎ እጀታው ራሱ ይወርዳል፤ መብራት ሲመለስም ሰው ሄዶ ካላነሳው ወፍጮው ንቅንቅ አይልም። አያ ዋሴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ይህን እጀታ እንደ ጠላት ነው የሚያዩት። ደምሌ ነቅሎ ጥግ ላይ ሲጥለው፣ «ግልግል» አሉ።

ከዚያ ማስተካከሉ ተጀመረ። ደምሌ መነሻውን ዝቅ አድርጎ ሞከረ። ሞተሩ እም እያለ አቃሰተ፣ ድንጋዩ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ቶሎ አጠፋው፤ ሞተር የሚቃጠለው እንዲህ እያቃሰተ ሲቆም ነው። መነሻውን ከፍ አደረገ። አሁን ደግሞ ድንጋዩ ዘለለ፣ ቺንጊያው ጮኸ፣ አምፖሉ ደበዘዘ። ከፍ ማድረግ፣ ዝቅ ማድረግ፣ ፍጥነቱ እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ማርዘም፣ እንደገና ማሳጠር፤ ጠዋቱን በዚህ ፈጀው። አንገቱ በዱቄት ነጣ፣ ጣቱ ቁልፎቹን ሲጫን ሲጫን ደነዘዘ።

በመጨረሻ ተሳካለት። ሞተሩ ሲነሳ አንድም ሰው አላወቀም። ወረፋ የያዙት ሴቶች ማን ቀድሞ መጣ በሚለው ሲጨቃጨቁ፣ ድንጋዩ ምንም ሳይል መዞር ጀምሮ፣ ፍጥነቱን ቀስ እያለ ሞልቶ፣ ዱቄቱ ቋቱ ውስጥ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው ዞር ብለው ያዩት። አምፖሉ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ሚዛን ላይ የሚቀመጡት የአያ ዋሴ ሚስት እቴ አሰለፈች አማተቡ።

«አነሳሱ የሌባ ነው የሚመስለው» አሉ።

ደምሌ ሳቀ። እንደ ምስጋና ነው የወሰደው።

አያ ዋሴ ግን አንድ ነገር ቀርቷቸዋል። «እንግዲህ እንዲህ ካወቅክበት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ አድርግልኝ። ይኼ ጉልበቴ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ሊያልቅ ነው።»

ደምሌ ትንሽ አመነታ። ይቻላል፤ ሳጥኑ ያን የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። በእንዲህ ያለ ቦታ እንደማይመከርም ሰምቷል። ነገር ግን ሰው ቆሞ እያየው፣ ጠዋቱን ሙሉ ካደነቁት በኋላ፣ አይቻልም ማለት ከበደው። አደረገው። መብራት ሲመለስ መስመሩ እስኪረጋ ትንሽ ታግሶ እንዲነሳም የመቆያ ጊዜ ሰጠው። የዋናውን መስመር እጀታ አውርዶ መልሶ ሰቀለና ሁሉም ጠበቁ።

«ምነው ተኛሳ!» አሉ አያ ዋሴ።

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ደምሌ የመቆያውን ጊዜ አሳጠረው። አሁንም ሳቁ፣ አሁንም አሳጠረው። ከዚያ ወፍጮው ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ፣ አያ ዋሴም ትከሻውን መታ መታ አድርገው መረቁት። ሊሄድ ሲል ወደ እቴ አሰለፈች ዞሮ ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«ይህን ግድግዳ ማንም እንዳይነካው እቴ አሰለፈች። ሳጥኑንም ከላዩ ያለውን የዋናውን መስመር እጀታም። ይገድላል።»

«ኧረ በሩቁ» አሉ እሳቸው።

ከሰዓት በኋላ በሚሄደው ሚኒባስ ወደ እስቴ ሲሳፈር ደምሌ ደስ ብሎት ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በየአውድማው ገብስ የሚያበራዩትን በሬዎች እያየ፣ የዚያን ሞተር አነሳስ በልቡ ደጋግሞ ያዳምጣል። ከጎኑ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ናቸው፤ ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ። ጋይንት ቤተ ልሔም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ድጓ የተማሩ፣ አሁን ወገዳ ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። እስቴ ያለ ዘመዳቸውን ለመጠየቅ ነው የሚሄዱት። በስልክ ሲነጋገሩ ቆይተው ድንገት ስልኩን ከጆሮአቸው አነሱና አዩት።

«ጠፋ» አሉ። «መብራት ሄደ ማለት ነው።»

«ስልኩ ከመብራቱ ጋር ምን አገናኘው የኔታ?» አለ ደምሌ፣ መልሱን ያውቀዋል፣ ለጨዋታ ያህል።

«የማማው ባትሪ ደክሟል ይላሉ። መብራት ከሄደ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ እስከ ወገዳ፣ ከወገዳም ወዲያ አንድ ነው።» መሪጌታ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ለብቻቸው ፈገግ አሉ። «ይኼኔ ዋሴ ድንጋይ ላይ ወጥቷል።»

«ምን ላይ?»

«ድንጋይ ላይ ነዋ። ጉባኤ ቤታችን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። መብራት ሲጠፋ እፎይ፣ ጸጥ አለልን ብለን ዜማ ስናነሳ፣ እሱ ደግሞ መውቀሪያውን ይዞ ቀጭ ቀጭ ይጀምራል። ሥራ በሌለበት ሰዓት ነው የሚወቅረው። ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ነው። ተማሪዎቼ እንግዲህ በእሱ ምት መዝሙር ለምደዋል።»

ደምሌ ክው አለ።

የወፍጮ ድንጋይ ሲሠራበት ይለሰልሳል፤ ለስልሶ ከቀረ እህሉን ያደቅቀዋል እንጂ አይፈጨውም። ስለዚህ በየጊዜው ተከፍቶ በብረት መውቀሪያ ይወቀራል። ይህን ደምሌ ያውቃል። እሱ በሚያውቀው አገር ግን ወቀራው በሳምንት አንድ ቀን፣ ወፍጮው በሚያርፍበት ቀን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባለወፍጮው ደጅ ወጥቶ ወሬ ይጠርቃል። አያ ዋሴ መብራት በጠፋ ሰዓት የት እንደሚሆኑ አልጠየቀም። የሚጠየቅ ነገር መሆኑም አልታየውም።

«የኔታ» አለ፣ «ሲወቅሩ ቺንጊያውን ያወጡታል?»

«ምን ሲል ያወጣዋል? መልሶ ለመወጠር ሁለት ጎልማሳ ይፈልጋል። ላይኛውን ድንጋይ በሰንሰለት ያነሳና በታችኛው ላይ እንደዚህ ይደፋል።» መሪጌታ ደረታቸውን ወደ ጉልበታቸው አጠፉ። «ሁለት እጁ፣ ራሱም ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው። እጀታው ራሱ ከወረደ ምን ያስፈራዋል?»

የሚዞረው ታችኛው ድንጋይ ነው። እጀታው ደግሞ ጥግ ላይ ተጥሏል፤ ነቅሎ የጣለው እሱ ነው።

«ወራጅ አለ» አለ ደምሌ። ማንም አልሰማውም፤ እንደገና በጩኸት አለው። ሹፌሩ እዚህ ምድረ በዳ ላይ ምን ሊሠራ ነው ብሎ በመስተዋት አየው። የመሣሪያ ቦርሳውን መቀመጫው ሥር ትቶ ወረደና ወደ መጣበት ሮጠ። ከኋላው መሪጌታ በመስኮቱ ብቅ ብለው የሆነ ነገር ሲሉ ሰማ፤ ምን እንዳሉ አላወቀም።

መንገዱ ኮረት ነው፣ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ሲሮጥ ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል። መብራቱ አሁን ሊመጣ ይችላል፤ ማታ ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዴ ሦስት ቀን ይቀራል። ደምሌ ዕድሜ ልኩን መብራት እንዲመጣ ሲለምን የኖረ ሰው ነው፤ እንጀራው ነው። አሁን እንዳይመጣ ለመነ። ለመካነ ኢየሱስ ጧፍ ተሳለ፣ ከዚያ ጧፉ አነሰበትና ጃንጥላ ተሳለ።

ከሁሉ ያስፈራው የራሱ ሥራ ነበር። ሞተሩ እንደ ድሮው ቢነሳ ኖሮ ጓ ሲል አያ ዋሴ እንደ ድመት ዘለው በወጡ ነበር። ይጮህ የነበረውን አፉን የዘጋው እሱ ነው። ድንጋዩ አሁን ሲነሳ ምንም አይልም። መጀመሪያ ትንሽ፣ ሰው ሳያስተውለው፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር፤ እጅ ከብረትና ከድንጋይ መሀል እስኪገባ ድረስ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበት የሠላሳ በሬ ነው፣ ደግሞም አይቆምም። አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር፣ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ የሊጥ ማቡኪያ የአንዲት ሴት ጣቶች ሲወስድ ቆሞ አይቷል። ያኔ ሴትዮዋ አልጮኸችም። እጇን እያየች ዝም ነበር ያለችው፤ እስካሁን በሕልሙ የሚመጣበት ያ ዝምታዋ ነው።

ስልኩን አወጣ። አገልግሎት የለም ይላል። እቴ አሰለፈች ስልካቸውን ሚዛኑ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ቢገባለት በአንድ ቃል ያልቃል። ደግሞ ደወለ፣ አልሄደም። ሦስተኛ ሊደውል ሲል ነገሩ ገባውና ጣቱ ቆመ። ኔትወርኩ የሚመለሰው መብራቱ ሲመለስ ነው። ይህ ስልክ ከጠራ ወፍጮውም ተነስቷል ማለት ነው። ስልኩን እንደ ጊንጥ ራቅ አድርጎ ያዘው። ኪሱ ሊከተው አልደፈረም፣ ሊያየውም አልደፈረም።

ከኋላው ሞተር ሳይክል መጣ። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ። የሚነዳው ቻላቸው የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከብት ሲከትብ ውሎ ወደ ወገዳ ይመለሳል። ደምሌ ለመናገር ትንፋሽ አጠረው። «ሰው ሊሞት ነው። ወፍጮ ቤት» ብቻ አለ። ቻላቸው ጥያቄ አላበዛም፣ የክትባት ሳጥኑን ወደ ፊት ስቦ አስቀመጠው።

የሚሄዱት ግን በሰው አገር አስፋልት ላይ አይደለም። ድንጋዩ ይነጥራል፣ ቁልቁለቱ ፍሬን ያስይዛል። አንድ ወንዝ ላይ ውኃው ጎማውን ዋጠውና ሁለቱም ወርደው ገፉ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጭድ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተው፣ ባለቤቶቹ ከኋላ እየተጫወቱ ይመጣሉ። ቻላቸው ጥሩንባውን ቢነፋ አህዮቹ ጆሮአቸውን ብቻ አዙረው ቆሙ። ደምሌ ወርዶ በእጁ እየገፋ፣ እየተሳደበ መንገድ ከፈተ። አንዱ ገበሬ፣ «ምን ሆነሃል አንተ፣ አጋንንት ነው እንዴ የሚያባርርህ?» አለው። 

እንደገና ሲወጣ ስለ መቆያው ጊዜ ማሰብ ጀመረ። መብራት ሲመለስ ሳጥኑ ወዲያው አይነሳም፣ ይታገሳል። ስንት? መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሰጥቶት ነበር። ሲስቁበት ቀነሰ። ሲስቁበት እንደገና ቀነሰ። የመጨረሻው ስንት እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ፤ ቁጥሩ ፈጽሞ አልመጣለትም። የሰዎቹ ሳቅ ነው የሚመጣለት። አያ ዋሴ «ምነው ተኛሳ!» ሲሉ፣ የእሱ ጣት ደግሞ ቁልፉን ሲጫን። ለዚያ ሳቅ ብሎ። አለቀሰ፤ ቻላቸው ነፋሱ ነው ብሎ ሳያስበው አልቀረም።

የወገዳ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ጋ ሲደርሱ ስልኩ እጁ ላይ ተንጫረረ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀም። ከዚያ ያልደረሱ መልእክቶች ተከታትለው ሲገቡ አየ፣ አራቱም የኔትወርክ መስመሮች ሞልተዋል። «ንዳው፣ ንዳው» እያለ ቁጥሩን ነካ። ጠራ። እቴ አሰለፈች አነሱት።

«አቤት ደምሌ፣ ደረስክ? በሰላም ገባህ? መንገዱ እንዴት ነበር?»

«እቴ አሰለፈች፣ እጀታውን ያውርዱት!»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መብራት ሄዶብን ነበር፣ አሁን ይኸው መጣልን። እናትህ ደህና ናቸው?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን እጀታ ወደ ታች ያውርዱት! አሁን!»

«አትንኩ ይገድላል ብለኸን የለ እንዴ? ቆይ ዋሴን ልጥራልህ።»

«አዎ ይጥሯቸው! ከድንጋዩ ይነሱ! ይነሱ ይበሏቸው!»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሶ ቢደውል መስመሩ ተይዟል ይላል፤ አገሩ በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚደውለው። ገበያው ዳር ሲደርሱ ከአንዱ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ይጮሃል፤ ብየዳ ቤቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ሥራ ጀምሯል። የመጣው መብራት ደህና መብራት ነው፣ ጉልበት ያለው። ደምሌ ሞተር ሳይክሉ ሳይቆም ዘሎ ወረደ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። የወፍጮ ቤቱ ደጅ በአህያና በማዳበሪያ ከረጢት ተጣቧል። ሰው እየገፋ፣ እህል እየረገጠ ገባ። ወረፋው ተንጫጫ፣ አንዷ ሴት ነጠላዋን ይዛ ሰደበችው።

ጩኸት አልነበረም። ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። የመውቀሪያው ቀጭ ቀጭም የለም። ደምሌ ከዚህ ዝምታ የከፋ ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም።

እቴ አሰለፈች ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ቀኝ እጃቸውን ወደ እጀታው ዘርግተው፣ ሊነኩት ፈርተው፣ መልሰው ሰብስበውታል። «ጠርቼዋለሁ እኮ» አሉ ሲያዩት፣ እንደ መክሰስ አድርገው፣ «ልጨርስ መጣሁ አለኝ።» የግራጫው ሳጥን ትንሿ አረንጓዴ መብራት ቦግ እልም ትላለች። ቦግ እልም ማለቷ፣ ገና እየተነሳ ነው፣ ሙሉ ጉልበቱን አልያዘም ማለት ነው። ደምሌ በላያቸው ላይ ተንጠራርቶ እጀታውን በሁለት እጁ ጎትቶ አወረደው።

አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

ድንጋዩ ወዳለበት ውስጠኛ ክፍል ሲገባ ግድግዳውን ይዞ ነው። ላይኛው ድንጋይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አያ ዋሴ ተደፍተዋል። ለትንሽ ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ቀና አሉ። ዱቄት ቅንድባቸውን አንጥቶታል። መውቀሪያው በቀኝ እጃቸው እንዳለ ነው። ግራ እጃቸው መዳፉ ተዘርግቶ ታችኛው ድንጋይ ላይ ተጭኗል፤ ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ተገትሯል፣ የአንገታቸው ሥር ተወጥሯል።

«ደምሌ ነህ? ምን ረስተህ ተመለስክ?» አሉ። ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «እስቲ ና ይቺን ድንጋይ እያት። ዛሬ አልቀመጥ አለችኝ። ስወቅራት ቀስ እያለች ትንሸራተታለች። እኔው በመውቀሪያው እየገፋኋት ነው ብዬ በእጄ ያዝኳት። ስይዛት ብሳ ትገፋኛለች። ያዝ ባደርጋት ትገፋኛለች። አሁን ገና ተወችኝ።»



አያ ዋሴ ፊቱን አዩት። ከዚያ በእሱ ትከሻ አሻግረው በበሩ በኩል የሚዛኑን ክፍል አዩ። እዚያ አምፖሉ በርቷል። ዓይናቸው ከአምፖሉ ወደ ሞተሩ ሄደ፣ ከሞተሩ በቺንጊያው ላይ ሄዶ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ደረሰ፣ ከድንጋዩ ወደ ገዛ መዳፋቸው። መውቀሪያው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ግራውን ግን ከነበረበት አላነሱትም፤ እንደውም ይበልጥ ተጫኑት።

«መዞሯ ነበር?» አሉ።

ደምሌ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እኮ ይዣት ነበር።»

«አዎ አያ ዋሴ።»

እኚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚህ ድንጋይ ጋር የኖሩ ሰው፣ እንደ ልጅ ፈቃድ ጠየቁ።

«ደምሌ፣ እጄን ላንሳ?»

«ያንሱት። አጥፍቼዋለሁ።»

አላነሱትም። ደምሌ ቀረበና ተንበረከከ፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ ከድንጋዩ ላይ አላቀቀ። እጃቸው እንደ ውኃ ቀዝቅዟል፣ መዳፋቸው በድንጋዩ ጥርስ ተልጦ ደም አቅርሯል። ከላቀቀ በኋላም አልለቀቀውም፣ ሁለቱም ይዘውት ተቀመጡ።

ከደጅ የአህያ ድምፅ ይሰማል፤ ወረፋው መንጫጫት ጀምሯል። አንዷ ሴት አንገቷን በበሩ አስግጋ አምፖሉን አየች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ተጣራች።

«እናንተ ሰዎች፣ መብራት ከመጣ ቆየ እኮ። ምነው ወፍጮው አይነሳም?»